እትዬ አይሆንምና የማዘጋጃ ቤቱ ከረጢት

ስማቸው ሌላ ነው፤ ሰፈሩ ግን «እትዬ አይሆንም» ነው የሚላቸው። ፊት ለፊት አይደለም እርግጥ፤ ማን ደፍሮ! እሳቸው የማያውቁት ይመስለን ነበር። ኋላ እንደሰማሁት ከሆነ ከሁላችንም ቀድመው ነው ያወቁት። «ተዪያቸው፣ ከዚህ የባሰም ባወጡልኝ ነበር» ብለው ለታናሽ እህታቸው ነግረዋታል።

ልማድ ሆኖባቸው ነው። ይቀመጡ ሲባሉ «አይሆንም፣ እቸኩላለሁ» ይላሉ፤ ከዚያ ወንበር ይስባሉ። ሻይ ሲቀርብላቸው «አይሆንም» ይላሉ፤ ከዚያ ስኳር ይጨምራሉ። ሟቹ ባለቤታቸው ለጋብቻ ሲጠይቋቸውም መልሱ ያው ነበር ይባላል። ሰውየው ግን ቋንቋውን ቀድመው የተማሩ ብልህ ኖረዋል፤ «ደግ፣ እንግዲያው ሠርጉን መቼ እናድርገው?» አሏቸው።

ሥራቸው ስፌት ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ሰፊ መስኮት ባላት አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ፣ የእግር ስፌት መኪናቸውን መስኮቱ ሥር ተክለው፣ የሰፈሩን ልጆች ዩኒፎርም ሲሰፉ ኖሩ። ቀሚስ ቢጠብ፣ ሱሪ ቢያጥር፣ ልጅ በእረፍት ወራት ድንገት ቢመዘዝ፣ ሁሉም የሚሮጠው ወደ እሳቸው ነበር። እሳቸውም ያሰፋሉ፣ ያስረዝማሉ፤ ግን ሁልጊዜ «አይሆንም፣ ይሄ ደግሞ ጨርቅ ተብሎ ነው?» ብለው ነው የሚጀምሩት።

ከመስኮታቸው ፊት ለፊት ልጆች ኳስ የሚራገጡበት፣ አንድ አሮጌ መኪና ደግሞ ሞቶ የቀረበት ባዶ ቦታ ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ እዚያ ላይ አምስት ፎቅ ሊሠራ አሰበ። ቤቶቹ ኪራይ ላቃታቸው ሰዎች በአቅማቸው ሊከራዩ፣ ምድር ቤቱ ደግሞ ለተቸገረ ሰው ምግብ የሚታደልበት ሊሆን። የሰፈሩን ሰው አስተያየት ለመስማት በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። እትዬ ከፊተኛው ወንበር ተቀመጡ። ገና የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ብድግ አሉ።

«አይሆንም! ይሄ ፎቅ ፀሐዬን ይወስዳል። እኔ መርፌ ላይ ክር የማስገባው በእግዜር ብርሃን እንጂ በአምፖል አይደለም። ደግሞስ የሚመጣው ሰው ማነው? ከየት ከየት ተለቃቅሞ ነው? ነገ በሬን ስከፍት ለምስር የተሰለፈ ሰው እያየሁ ልዋል?»

አዳራሹ አጨበጨበ። ከማዘጋጃ ቤቱ የቤቶች ክፍል የመጣችው ቀጠን ያለች ባለመነጽር ወጣት ግን ፈገግ ብላ «አስተያየትዎን ይዘነዋል፣ እትዬ» አለች። ይዘነዋል ማለት እንግዲህ የማዘጋጃ ቤት ቋንቋ ነው። ይዘውት ሄዱ፤ ሕንፃውም ተሠራ።

ዝም አይነቅዝም የሚለውን ተረት ለእትዬ የነገራቸው የለም መሰለኝ፣ ሥራው እስኪያልቅ አንድ ቀን ዝም አላሉም። አቧራው በዛ፣ መዶሻው ጮኸ፣ አሸዋው መንገድ ዘጋ። ፎርማኑ ሻሻቸውን ከሩቅ ካየ ሲሚንቶ ማቡኪያው ጀርባ ይደበቅ ነበር ይላሉ።

ሕንፃው ቀለም ሲቀባ አከራያቸው ሞቱ። ደግ ሽማግሌ ነበሩ፤ ኪራይ ጨምሩ ማለት የሚያፍሩ። ልጆቻቸው ግን ቤቱን ሸጡት፤ ገዢው ደግሞ አፍርሶ ሱቅ ሊሠራበት ፈለገና «ቢለቁልኝ» አላቸው። እትዬ ሰፈር ለሰፈር ዞሩ። የሚያዩት ክፍል ሁሉ ከአቅማቸው በላይ ሆነ። በዚያ ላይ የተሰፋ ዩኒፎርም በየሱቁ በር ተሰቅሎ መሸጥ ከጀመረ ወዲህ የእሳቸው መኪና ከሚሮጥበት የሚቆምበት ሰዓት በዝቶ ነበር። ዓይናቸውም እንደ ድሮው አልነበረም፤ ይህን ግን ለማንም አልተናገሩም።

እህታቸው ከልጇና ከአማቿ ጋር ተጣብባ ነው የምትኖረው፤ ኑሪ ከእኔ ጋር ለማለት እንኳ ቦታ የላትም። «እታለም፣ እፊት ለፊትሽ ቤት ተሠርቶ የለም እንዴ? ሄደሽ ተመዝገቢ እንጂ» አለቻቸው።

«አይሆንም! ሰው ፊት ቆሜ ያን ሁሉ ተናግሬ?»

«ታዲያ መንገድ ላይ ልታድሪ ነው?»

«እሱም አይሆንም።»

ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል፤ እትዬ የሰቀሉት ደግሞ በጭብጨባ ነበር። ቢሆንም በማግስቱ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ስበው ማዘጋጃ ቤት ሄዱ። ተራቸው ደርሶ ቢገቡ፣ ጠረጴዛው ጀርባ ያችው ባለመነጽር ልጅ ተቀምጣለች። የመጀመሪያ ሐሳባቸው እግሬ አውጪኝ ማለት ነበር። ልጅቱ ግን ቀድማ ተነሥታ ወንበር ሳበችላቸው።

«እትዬ! ደህና ነዎት? ስለ ብርሃኑ ነው የመጡት?»

«ስለ ብርሃኑ አይደለም፣ ልጄ» አሉ እንደ መቀመጥ ብለው። «ስለ ጨለማው ነው።» ከዚያ የአከራያቸውን ሞት፣ የቤቱን መሸጥ፣ የሥራቸውን መቀዛቀዝ አንድ በአንድ አወጉላት። ሲጨርሱ ግን እንደገና ቀና አሉ። «ይኸውልሽ፣ እንዳታዝኚብኝ። እኔ ያንን ሕንፃ እቃወም ነበር። አሁንም እቃወመዋለሁ። ግን ቤት የለኝም።»

ልጅቱ እስክሪብቶዋን አነሣች። «እየተቃወሙም መመዝገብ ይቻላል» አለቻቸው።

ተራው ሲደርስ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንድ ክፍልና ትንሽ ወጥ ቤት ተሰጣቸው። መስኮቱ ሲከፈት ፀሐይ እንደ ጎርፍ ነው የምትገባው። በቀድሞው ቤታቸው ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ ብርሃን አይተው አያውቁም። ይህን ግን አመኑ? እህታቸው «ደስ አይልም?» ስትላቸው «በዛ! ጨርቅ ያደበዝዛል» አሉ።

እኔ ከእሳቸው በታች ሁለተኛ ፎቅ ነው የምኖረው። የስፌት መኪናቸው ከራሴ በላይ ስለሚሮጥ ሥራ ሲበዛላቸውና ሲጠፋባቸው ከማንም በፊት አውቃለሁ። ከእሳቸው በር ፊት ለፊት ደግሞ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ብቻቸውን ይኖራሉ። ሹፌሩ ዛሬም ክራቫት ሳያስሩ ከቤት አይወጡም፤ ሲያዋሯቸውም አንገታቸውን ሳያዞሩ ወደ ፊት እያዩ ነው የሚመልሱት። የሕንፃው ልጆች ኮሪደር ላይ ሲያልፏቸው «ወራጅ አለ!» ብለው ይጮኹባቸዋል፤ እሳቸውም ቆመው ያሳልፏቸዋል።

ቅዳሜ ቅዳሜ ምድር ቤት ምግብ ይታደላል። ሩዝ፣ ምስር፣ ዱቄት፣ ዘይት፣ ከገበያ የተረፈ ጎመንና ድንች። ከእኛ ሕንፃም ከዙሪያው ሰፈርም የቸገረው ሁሉ ይመጣል። ምግቡ ደህና ነበር፤ ክፋቱ ከረጢቱ ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ያዘጋጀው ከረጢት ከማዶ የሚጮህ ቢጫ ሆኖ፣ የማዘጋጃ ቤቱ አርማ ሳህን አክሎ ተስሎበት፣ ከሥሩ በቀይ «ማዘጋጃ ቤቱ ከጎንዎ ነው!» የሚል ተጽፎበታል። ያን አንጠልጥሎ መንገድ ላይ የሄደ ሰው፣ ጓዳዬ ባዶ ነው ብሎ በጥሩምባ ቢያስነግር ይሻለዋል። አንዳንዱ ገልብጦ ይይዘዋል፤ አንዲት እናት በሕፃን ጋሪው ውስጥ ከልጇ ሥር ትሸጉጠዋለች። ሹፌሩ ኮታቸው ውስጥ ወሽቀው፣ ክራቫታቸውን አስተካክለው፣ ሕንፃውን በጀርባ በኩል ዞረው ነው የሚገቡት። የአውቶቡስ ሰው እንዲህ ያለ ዙሪያ ጥምጥም ሲሄድ ማየት ያሳዝናል።

እትዬ ይህን ሁሉ ከመስኮታቸው ያዩታል። ምግቡን ለመውሰድ አንድም ቀን አልወረዱም። አንድ ቅዳሜ ግን «ለማየት ያህል» ብለው ወረዱ፤ ቢጫውን ከረጢት በሁለት ጣታቸው እንደ ሞተ አይጥ አንጠልጥለው አዩት።

«አይሆንም» አሉ።

ከዚያ ወዲያ የስፌት መኪናቸው ከራሴ በላይ ቀን ሙሉ መሮጥ ጀመረ። ሥራ ያገኙ መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካ ከዩኒፎርም የተረፈ ብጫቂ፣ ያረጀ መጋረጃ፣ የተቀደደ አንሶላ ከየቤቱ ለምነው ሰብስበው ከረጢት እየሰፉ ኖሯል። ግራጫ አለ፣ ሰማያዊ አለ፣ አበባ ያለበት አለ፣ አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። ጠንካራ ማንገቻ፣ ከውስጥ ደግሞ ገበር አላቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ምድር ቤት በር ላይ ቆመው፣ የሚመጣውን ሰው ሁሉ «በቢጫው አይሆንም፣ በዚህ ያዝ» እያሉ ያድሉ ጀመር። ለሹፌሩ ከጥቁር ሰማያዊ የሱሪ ጨርቅ የተሰፋ ሰጧቸው፤ ከክራቫታቸው ጋር እንዲሄድ። ሹፌሩ ያን ቀን በፊት ለፊቱ በር ነው የገቡት። ማን ከገበያ እንደመጣ፣ ማን ከምድር ቤት፣ የሚያውቅ ጠፋ።

ነገሩ ማዘጋጃ ቤት ደረሰና የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጫማቸውን ወልውለው መጡ። ባለመነጽሯ ልጅም አብራ ነበረች፤ ከኋላ ቆማ ከንፈሯን ነክሳለች። ሳቅ ይሁን ፍርሃት አልለየሁም።

«እናቴ፣ ሥራዎ መልካም ነው» አሉ ኃላፊው። «ግን አርማው የለም። የምክር ቤት አባላት ፎቶ ይጠይቃሉ። አርማ የሌለበትን ከረጢት አሳይተን ሕዝቡን ረድተናል ብንል ማን ያምነናል?»

«የበላው ሰው ያምንዎታል።»

«የበላው ሰው በጀት አያጸድቅም፣ እናቴ። ደንብ ነው፤ አርማው ከረጢቱ ላይ መኖር አለበት።»

የሚቀጥለውን ቃል ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቁታል። እትዬ ግን ጥቂት አሰቡና፣ በሕንፃው ታሪክ ተሰምቶ የማያውቅ ነገር ተናገሩ፦

«እሺ።»

ኃላፊው ደስ ብሏቸው በጨርቅ የታተመ አርማ በካርቶን ላኩ። ሹፌሩ ከእትዬ ጋር ለሳምንት ሰላምታ ቀነሱ፤ «ተሸነፉ» ብለው አኩርፈው ነው። ቅዳሜ ኃላፊው ፎቶ አንሺ ይዘው መጡ። ከረጢቶቹን ቢያገላብጡ አርማ የለም።

«እናቴ፣ አርማው የታለ?»

«ከውስጥ ነው» አሉ እትዬ፣ የአንዱን አፍ ከፈት አድርገው። እውነትም ገበሩ ላይ፣ በአራት ማዕዘኑ ተጠንቅቆ ተሰፍቷል። «ከረጢቱ ላይ ይሁን አሉኝ፤ ከውጭ ነው ወይስ ከውስጥ አላሉኝም። ደግሞ ከውስጥ ሲሆን አይቆሽሽም።»

ፎቶ አንሺው ከወንበር ላይ ወጥቶ፣ ከላይ ወደ ታች፣ የከረጢቶቹን ሆድ አነሣ። ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ምስሩ፣ ከጎመኑ ቅጠል ሥር ደግሞ አርማው ብቅ ብሎ። ፎቶው ኋላ ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ኃላፊውም በየስብሰባው «አርማችን ከውስጥ ነው» እያሉ የራሳቸው ሐሳብ አስመስለው ሲናገሩት ሰምቻለሁ። እትዬ አልተቃወሙም፤ የሰሙ አይመስለኝም።

የሰውን ገመና እንዲህ ሲሸፍኑ የራሳቸውን ግን ማን ያየዋል? የእኛ ኮሪደር ምስጢር አይደብቅም። ማን ሽንኩርት እንደ ጠበሰ፣ ማን ጎመን እንዳሳረረ በበሩ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ያውቃል። ከእትዬ በር የሚወጣው ግን የማሽን ዘይት ሽታ ብቻ ነበር። ያን ያስተዋሉት ሹፌሩ ናቸው። የጨርቅ ጥቅል ይዘውላቸው ሲገቡ ምድጃው ላይ ድስት የለ፣ ጀበና የለ፣ አንዲት የሻይ ማንቆርቆሪያ ብቻ ተጥዳ አዩ። አጠገቡ የደረቀ ዳቦ።

በማግስቱ ሹፌሩ ሩዝና ጎመን በከረጢት አድርገው የእትዬ በር እጀታ ላይ ሰቀሉ። እትዬ አውርደው የሹፌሩ በር ላይ ሰቀሉት። ሹፌሩ መለሱት። እትዬ መለሱት። እኛም ስናልፍ «ዛሬ ጎመኑ የት ነው ያደረው?» እየተባባልን ሳቅን፤ ጎመኑ ከበር በር ሲመላለስ ጠውልጎ ቢጫ ሆነ። አሁን ሳስበው የሚያስቅ ብቻ አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ እትዬ እንደ ልማዳቸው ምድር ቤት በር ላይ ቆመው ሲያድሉ ራሳቸውን አዞራቸው። ግድግዳውን ይዘው ቀስ ብለው ቁጭ አሉ። ውኃ አመጣን፤ ስኳር በጠበጥን። «አይሆንም፣ ደህና ነኝ፣ ሙቀቱ ነው» አሉ። ያን ቀን ብርድ ነበር።

ሹፌሩ አጠገባቸው አጎንብሰው ቁጭ አሉ። እስከዚያች ሰዓት «እርስዎ» ሲሏቸው የኖሩት ሰው በድንገት ቃላቸው ተለወጠ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ጠዋት ምን በላሽ?»

«እኔ እዚህ የማገለግል ነኝ እንጂ የምረዳ አይደለሁም።»

«ምን በላሽ አልኩሽ እንጂ ማነሽ አላልኩሽም።»

ሹፌሩ፣ ወደ ፊት ብቻ የሚያዩት ሰው፣ አንገታቸውን አዙረው ፊት ለፊት አዩዋቸው።

«እኔ እዚህ ተሰልፌ እንደምበላ ታውቂያለሽ። ነውር አይደለም አልሽኝ፤ ቀና ብለህ ሂድ ብለሽ ይሄን ሰፋሽልኝ። አመንኩሽ። ታዲያ ለእኔ ነውር ያልሆነው ላንቺ እንዴት ነውር ሆነ? ወይስ እኔን ስታይኝ ከሥርሽ አድርገሽ ነው?»

እትዬ መሬት መሬቱን አዩ። ፊታቸው ላይ ያ ሁልጊዜ የሚቀድመው ቃል ሲመጣና ሲመለስ ይታይ ነበር። ስብሰባው ላይ «ከየት ተለቃቅሞ» ያሉት ሰው ሁሉ ከረጢቱን ይዞ ዙሪያቸውን ቆሟል፤ እናትየዋ ከነሕፃኗ፣ እኔ፣ ሹፌሩ። ከዚያ በቀጭን ድምፅ ጠየቁ፦

«ምስሩ ድንጋይ አለው?»

«ትንሽ አለው» አሉ ሹፌሩ።

«እንግዲያው እለቅመዋለሁ። ስጠኝ።»

ያን ቀን ምስራቸውን ይዘው ወጡ። ሰው ለብዙ ጊዜ ሳያበስል ሲቀር እጁ ይረሳል መሰለኝ፣ ወጡ አረረ፣ ጨውም በዛበት። ሹፌሩ ተጋብዘው በሉት፤ ሲወጡ ኮሪደር ላይ አግኝቻቸው «እንዴት ነበር?» ስላቸው «መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ ግን ደረስን» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እትዬ አድለው ሲጨርሱ ከሰልፉ መጨረሻ ይቆማሉ። ሁለቱም «አንተ» «አንቺ» ተባብለው ቀሩ፤ ጠብ ግን አልቀነሰም።

ዓይናቸው እየደከመ መምጣቱን ያወቅነው አንድ ቀን ጨው ብለው ስኳር ሲያድሉ ነው። ባለመነጽሯ ልጅ ጤና ጣቢያው የዓይን ሞራ ያለ ክፍያ የሚያነሣበትን ቀን አጣርታ ነገረቻቸው። «አይሆንም» አሉ፤ እኛም ቀኑን ያዝን። ሹፌሩ ወሰዷቸው፣ ሹፌሩ መለሷቸው። ፋሻው ሲነሣ ሁላችንም ክፍላቸው ተሰብስበን ነበር። እትዬ ዓይናቸውን ገልጠው መጀመሪያ ሹፌሩን አዩ።

«ውይ! እንዲህ አርጅተሃል እንዴ?»

«መንገዱ ረጅም ነው» አሉ ሹፌሩ፣ ክራቫታቸውን እያስተካከሉ።

ቀጥለው ያዩት ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለውን ከረጢት ነው። አነሡት፣ ወደ መስኮቱ አስጠጉት፣ ስፌቱን በጣታቸው ተከተሉት። ፊታቸው ቅጭም አለ።

«ይሄን ማነው የሰፋው?»

ባለመነጽሯ ልጅ ደፈረች። «እርስዎ ነዎት፣ እትዬ።»

«እኔ? ይሄን የሰከረ ሰው የሄደበት የመሰለ ስፌት? አይሆንም! ይሄ ሁሉ ሕዝብ ይሄን አንጠልጥሎ አገር ለአገር ሲዞር ዝም አላችሁኝ? አምጡ! ሁሉንም አምጡ! ይተረተራል!»

ይኸው ከዚያ ቀን ጀምሮ በር ለበር እየዞሩ ከረጢት ይሰበስባሉ፤ የሚሰጣቸው ግን የለም። ሹፌሩ የእኔ ጠፍቷል ብለዋል፤ በየቀኑ ይዘውት ሲወጡ እያየኋቸው። እናትየዋ ልጁ ቀደደው ብላለች። ትናንት እኔም ቤት መጡ። ወንበር ሳብኩላቸው፤ አይሆንም ብለው ተቀመጡ። የእኔ ከረጢት ግራጫ ነው፣ ጎኑ ላይ ስፌቱ አንዴ ወደ ቀኝ አንዴ ወደ ግራ እያለ ወርዶ መጨረሻው ላይ ጭርሱን መንገድ ይስታል። በሩ ጀርባ ነበር የሰቀልኩት፤ እንዳያዩት በሩን በደንብ ከፍቼ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩና «አይጥ በላው፣ እትዬ» አልኳቸው።

«በላው ነው የምትለኝ?» አሉና በአዲሱ ዓይናቸው ከላይ እስከ ታች አዩኝ። ያቀረብኩላቸውን ሻይ ጨርሰው ከረጢት ፍለጋ ወደ አራተኛ ፎቅ ወጡ።